መጀመሪያ ውሀውን ለኩልን

መስከረም 22 ቀን 2018 ሶማሌ ክልል ያለው የካሉብ ጋዝ ከተመረቀ ወዲህ ዲሬ (ድሬዳዋ) ውስጥ ጋዝ የማይነሳበት በርጫ የለም። አንዱ የሲሊንደር ዋጋ ሊወርድ ነው ይላል፣ አንዱ ሚኒባሱን ወደ ጋዝ ሊያስቀይር ያስባል፣ ሌላው ደሞ ቦቴ ገዝቶ ከሶማሌ ክልል ወደ መሀል አገር ሲያመላልስ በሀሳቡ ሀብታም ሆኗል። (በነገራችን ላይ ካሉብ የሚመረተው ሚቴን ነው፣ ከዜሮ በታች 162 ዲግሪ ድረስ ቀዝቅዞ ፈሳሽ የተደረገ፣ እናቶቻችን ማዕድ ቤት ያለው ሲሊንደር ውስጥ ደሞ ቡቴንና ፕሮፔን ነው፣ እና ሁለቱ አይገናኙም ብዬ ለማስረዳት ስሞክር "አቦ ምርቃናችን ላይ ውሀ አትቸልስ" ተብዬ ዝም አልኩ።)

እኔም ደስ አላለኝም አልልም። ይሄ ጋዝ እኮ እ.ኤ.አ. በ1973 ቴኔኮ የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ ነው ያገኘው፣ ከዛ በደርግ ጊዜ ሶቪየቶች መጥተው ቆፈሩ፣ ከዛ የማሌዢያው ፔትሮናስ መጣና ሄደ፣ ከዛ ፖሊ ጂሲኤል የሚባለው የቻይና ኩባንያ በ2006 ዓ.ም ተፈራረመ፣ ሰኔ 2010 ድፍድፍ ነዳጅ በሙከራ ወጣ ተብሎ ጨፈርን፣ እስከ ጅቡቲ 767 ኪሎ ሜትር ቧንቧ ሊዘረጋ ነው ተባለ፣ ቧንቧው ሳይታይ እ.ኤ.አ. በ2022 የማዕድን ሚኒስቴር የኩባንያውን ፈቃድ ሰረዘ። ከዚህ ሁሉ ምልልስ በኋላ አሁን የመጀመሪያው ምዕራፍ በአመት 111 ሚሊየን ሊትር ፈሳሽ ጋዝ ያመርታል ተብሏል፣ ጎዴ ላይ ደሞ ከናይጄሪያው ዳንጎቴ ኩባንያ ጋር 2.5 ቢሊየን ዶላር የሚፈጅ፣ በአመት 3 ሚሊየን ቶን ዩሪያ የሚያወጣ ማዳበሪያ ፋብሪካ ይሰራል። የሀረርጌ ገበሬ ዩሪያ ለማግኘት የሚያየውን አሳር ለሚያውቅ ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚ "ፀረ ልማት" ልትሉኝ የተዘጋጃችሁ ትንሽ ታገሱኝ።

እዚህ መጋላ በኩል ሻይ ቤት ውስጥ የማይጠፉ አንድ ሽማግሌ አሉ፣ አዴር ነው የምንላቸው፣ የትውልድ አገራቸው ቆራሄ ዞን ነው፣ ዘመዶቻቸው አሁንም ሽላቦ አካባቢ ግመል ያረባሉ። ሁሉም ስለ ጋዙ ሲያወራ እሳቸው ሻያቸውን እያማሰሉ ዝም ይላሉ። አንድ ቀን "አዴር እርስዎ ደስ አላሎትም እንዴ፣ ያገርዎ ጋዝ እኮ ነው" አልኳቸው። "ደስ ብሎኛል" አሉኝ፣ "ግን አንድ ነገር ንገረኝ፣ ግመሌ ከኤላው፣ ከውሀ ጉድጓዱ፣ ጠጥታ ብትሞት ማንን ነው የምጠይቀው?" ቀበሌውን ልበል ወረዳውን ልበል ግራ ገባኝ። እሳቸው ቀጠሉ፣ "ኩባንያው በጋዙ አይደለም ይለኛል፣ ሐኪሙ አላውቅም ይለኛል፣ መንግስት ማስረጃ አምጣ ይለኛል። እኔ ያለኝ ማስረጃ የሞተች ግመል ናት።"

ወላሂ ከዛ ቀን ጀምሮ ይሄ ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣም።

ምክንያቱም ነገሩ በሀሳብ ብቻ ያለ አይደለም። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2020 ጋርዲያን የሚባለው የእንግሊዝ ጋዜጣ ካሉብ አካባቢ ያሉ ነዋሪዎች ምንነቱ ያልታወቀ በሽታ ገባብን እንደሚሉ ፅፎ ነበር፣ አይናቸው ቢጫ የሚሆን፣ ሰውነታቸው የሚያብጥ፣ ሰዎቹ ከጋዝ ቁፋሮው የወጣ ኬሚካል ውሀችን ውስጥ ገብቷል ነው የሚሉት። መንግስት አስተባበለ። እና እዛ ላይ ቀረ። አንዱ ወገን ታመምን ይላል፣ ሌላው ወገን ውሸት ነው ይላል፣ መሀላቸው ምንም የለም። ቁፋሮው ከመጀመሩ በፊት የነዛ ጉድጓዶች ውሀ ምን ይመስል እንደነበር ሁለቱም ፊት የሚቀመጥ አንድ ወረቀት ቢኖር ኖሮ ክርክሩ በሳምንት ያልቅ ነበር፣ ወይ ለኩባንያው ወይ ለህዝቡ። ወረቀቱ ከሌለ ግን የሚያሸንፈው ጠበቃና ጉልበት ያለው ነው፣ አርብቶ አደሩ ደሞ ሁለቱም የለውም።

ጋዝ ቁፋሮ ውሀ የሚያበላሸው እንዴት ነው ለሚል ሰው በአጭሩ ልሞክር። ጋዙ ያለው ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ ጥልቀት ላይ አሸዋ ድንጋይ ውስጥ ነው። እዛ ለመድረስ መቆፈሪያው መጀመሪያ ሰውና ከብት የሚጠጣውን የከርሰ ምድር ውሀ ሰንጥቆ ነው የሚያልፈው። ውሀውና ጋዙ እንዳይገናኙ የብረት ቱቦ ይገባል፣ በቱቦውና በድንጋዩ መሀል ሲሚንቶ ይሞላል። ሲሚንቶው በደንብ ከያዘ ችግር የለም፣ ከተሰነጠቀ ወይም ከጅምሩ በትክክል ካልተሞላ ግን ጋዙ በጎን እየሾለከ ወደ ላይ ይወጣል። ይሄ አንዱ መንገድ ነው። ሁለተኛውና እኔን የበለጠ የሚያስፈራኝ ከጋዙ ጋር አብሮ ከታች የሚወጣው ውሀ ነው። ይሄ ውሀ ለሚሊየን አመታት ከድንጋይ ጋር የቆየ ስለሆነ ጨዉ ብዙ ጊዜ ከባህር ውሀ ይብሳል፣ ከባድ ብረት አለው፣ የነዳጅ ቅሪት አለው፣ አንዳንድ ቦታ ራዲየም የሚባል ጨረር የሚያወጣ ነገር ጭምር አለው። በአግባቡ ከተሰራ ተመልሶ ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ይገፋል ወይም ይታከማል። በአግባቡ ካልተሰራ ሜዳ ላይ ጉድጓድ ተቆፍሮ ይጠራቀማል፣ ከስሩ ፕላስቲክ ይነጠፍለታል፣ ፕላስቲኩ ይቀደዳል ወይ ዝናብ ሲመጣ ሞልቶ ይፈሳል። የመቆፈሪያ ጭቃውም እንደዛው ነው። እና በረሀ ላይ አጥር የሌለው ኩሬ ካየች ግመል ምን የምታደርግ ይመስላችኋል? ሚቴኑም ሳይቃጠል አየር ውስጥ ካመለጠ ለብቻው ሌላ ጣጣ ነው፣ በሀያ አመት ሂሳብ ምድርን በማሞቅ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሰማንያ እጥፍ በላይ ይበልጣል፣ ድርቅ እየተመላለሰበት ላለ የሶማሌ አርብቶ አደር ይሄም የሱው እዳ ነው፣ ግን ዛሬ የማወራው ስለ ውሀው ነው።

ታዲያ ሌላ አገር ህዝብ ምን አደረገ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። በጣም የገረመኝ ፔንስልቬኒያ ነው። ቁፋሮው እንደ አሸን በፈላበት ጊዜ የቧንቧችን ውሀ በእሳት ይቀጣጠላል፣ ጉድጓዳችን ተበላሸ የሚል ክስ በዛ፣ ኩባንያዎቹ ደሞ "ድሮም ሚቴን ነበረበት" ይላሉ፣ እውነትም አንዳንዱ ጉድጓድ ድሮም ሚቴን ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ህግ ምን አለ መሰላችሁ፣ ከሼል ጋዝ (ድንጋይ ተሰንጥቆ ከሚወጣ ጋዝ) ጉድጓዱ በ2,500 ጫማ ማለትም ወደ 760 ሜትር ገደማ ክልል ውስጥ ያለ የመጠጥ ውሀ ቁፋሮው ባለቀ በ12 ወር ውስጥ ከተበላሸ ጥፋተኛው ኩባንያው ነው ተብሎ ይገመታል፣ አይደለም ካለ እሱ ያስረዳ። ማስረጃውም ምንድነው፣ ከቁፋሮው በፊት ያስመረመረው የውሀ ውጤት። ስለዚ ኩባንያዎቹ ራሳቸው በገዛ ገንዘባቸው የገበሬውን ጉድጓድ ሁሉ መለካት ጀመሩ፣ ተገደው ሳይሆን ለራሳቸው ስለሚጠቅማቸው። ህግ ማለት እንዲህ ነው አቦ።

ኔዘርላንድም ተመሳሳይ ነው። ግሮኒንገን የሚባል ቦታ እ.ኤ.አ. በ1959 ትልቅ የጋዝ ክምችት ተገኘ፣ አገሪቷ በሱ ሀብታም ሆነች፣ ከጊዜ በኋላ ግን ጋዙ ሲወጣ ከስር ያለው መሬት እየተጨመቀ መንቀጥቀጥ መጣ። እ.ኤ.አ. በ2012 ሁይዚንገ በሚባል መንደር 3.6 መጠን ያለው መንቀጥቀጥ ደረሰ፣ በአካባቢው የብዙ ሰው ቤት ተሰነጠቀ። ሰዉ ግድግዳው ተሰንጥቆ እያየ "በጋዙ መሆኑን አስረዳ" እየተባለ አመታት ተንከራተተ። በስተመጨረሻ ፓርላማው ህጉን ገለበጠው፣ ስንጥቁ በጋዙ ምክንያት አለመሆኑን የማስረዳት ሸክም ከባለቤቱ ወደ ኩባንያው ዞረ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 ደሞ ማውጣቱ ራሱ ቆመ። ልብ በሉ፣ ይሄ የሆነው ፍርድ ቤት፣ ጠበቃ፣ ጋዜጣ፣ ኢንሹራንስ ባለበት አገር ነው፣ እዛም ነገሩ ተቃንቶ ማምረቱ እስኪቆም ከሁይዚንገው መንቀጥቀጥ በኋላ ከአስር አመት በላይ ፈጅቷል።

አሁን "አንተ ዲሬ ተቀምጠህ ስለ ቆራሄ ምን አገባህ" የሚል አይጠፋም። ያገባኛል እኮ። ዲሬ የምትጠጣው ከመሬት ስር ነው። ሌላ ወንዝ የለንም፣ ደቻቱ እንደሆነ አመቱን ሙሉ አሸዋ ነው፣ ሲመጣ ደሞ በሐምሌ 1998 መጨረሻ እንዳየነው ነው፣ ሌሊት መጥቶ ከ250 በላይ ሰው ይዞ ሄደ። የዛ ጎርፍ ምክንያቱ ደቻቱ ውስጥ አልነበረም፣ ዝናቡ የጣለው ከላይ ደጋው ላይ ነው፣ ዛፍ የተራቆተውም እዛ ነው፣ እኛ ግን ታች ሆነን ከፈልን። የሳቢያን ጉድጓዶች ያሉበት አካባቢ ቤት እየተሰራበት፣ መፀዳጃ እየተቆፈረበት ሄዶ ዛሬ በከተማዋ የከርሰ ምድር ውሀ ላይ የተሰሩ ጥናቶች ናይትሬት የሚባለው በካይ ከፍ ብሎ ማግኘታቸውን ያወቅነው ስለተለካ ነው። ባይለካ ኖሮ "ኧረ የዲሬ ውሀ ድሮም ከባድ ነው፣ ማንቆርቆሪያውን ኖራ ያረገዋል እንጂ ምንም አይልም" እየተባባልን እንኖር ነበር።

ሐረርስ? አክስቴ ጀጎል ውስጥ ነው የምትኖረው፣ ሐሮማያ ሀይቅ የደረቀ ጊዜ በጀሪካን ውሀ የገዛችበትን ዘመን ስታወራ ዛሬም ድምጿ ይቀየራል። ሀይቁን ያደረቀው አንድ ሰው አይደለም፣ ለጫት መስኖ ከዙሪያው ሁሉ ፓምፕ ተጣለበት፣ ከኮረብታው የሚወርደው አፈር ደለል ሆነበት፣ ከተሞቹም ቀዱት፣ እና አንድ ቀን ሜዳ ሆኖ ተገኘ። ሐረር ከዛ በኋላ ከኛ ከድሬዳዋ በኩል ከተቆፈሩ ጉድጓዶች በፓምፕ ሽቅብ ተጎትቶ ነው ውሀ የመጣላት፣ ያ ሁሉ አቀበት! አሁን ሀይቁ ትንሽ ትንሽ ተመልሷል፣ ደስ ይላል። ግን ምን ለማለት ፈልጌ ነው፣ የምስራቅ ሰው ውሀ ሲጠፋ ምን እንደሚመስል ከመፅሐፍ አይደለም የሚያውቀው። ሐሮማያ ቢያንስ ሲቀንስ በአይን ይታይ ነበር። የከርሰ ምድር ውሀ ሲበላሽ ግን ማንም አያየውም፣ መጀመሪያ የሚያውቀው የጠጣው ነው።

ስለ አይን ሳላህ ደሞ ሳላወራ አላልፍም፣ ምክንያቱም ከሁሉም ለኛ የሚቀርበው እሱ ነው። አይን ሳላህ አልጄሪያ ሰሀራ መሀል ያለች ከተማ ናት፣ ሙስሊም በረሀ፣ ቴምር፣ ግመል፣ ሙቀቱ ዲሬን በጋ ላይ ቀዝቃዛ የሚያስመስል። ሰዎቹ ጋዝ አዲስ አይደለባቸውም፣ በዙሪያቸው ለብዙ አመታት ጋዝ ሲወጣ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2014 መጨረሻ ላይ ግን መንግስት በአቅራቢያቸው የሼል ጋዝ ሙከራ ጉድጓድ ተሳካ ብሎ አወጀ። የሼል ጋዝ ድንጋዩን በውሀና በኬሚካል ግፊት ሰንጥቆ ነው የሚወጣው፣ ለአንድ ጉድጓድ የሚፈልገው ውሀ ራሱ ጉድ ነው። (የካሉብ ጋዝ እንደዚህ አይነቱ አይደለም፣ አሸዋ ድንጋይ ውስጥ ያለ ነው ብያለሁ፣ እንዳታምታቱት።) እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 2015 ሰዉ አደባባይ ወጣ። ድንኳን ተከለና ወራት ተቀመጠ። ሴቶች ከልጆቻቸው ጋር፣ መምህራን፣ ሥራ አጥ ወጣቶች፣ ሁሉም። እኔን የነካኝ ጥያቄያቸው የተሰራበት መንገድ ነው። ጋዝ አታውጡ አላሉም፣ ጋዝ እያወጡ የኖሩ ሰዎች እኮ ናቸው። እነሱ ያሉት ከስራችን ያለው ውሀ ካንድ ጊዜ በላይ አይሰጠንም፣ ከአልጄሪያ ተርፎ ለቱኒዚያና ለሊቢያም የሚደርስ ውሀ ነው፣ ይሄ ቢበላሽ በምን ትተኩልናላችሁ ነው። ነገሩን የሚያውቁ ሰዎች ከመሀላቸው ነበሩ፣ ባለስልጣን መጥቶ "አትስጉ ቴክኖሎጂው አስተማማኝ ነው" ሲል የቱ ቴክኖሎጂ፣ የት የተሞከረ፣ ቆሻሻ ውሀው የት ነው የሚሄደው ብለው ይጠይቁት ነበር። ከፖሊስ ጋር የተጋጩበት ቀንም ነበር፣ ሁሉም በሰላም አለቀ አልልም። ግን የሼል ጋዝ ስራው እዛ ተቋረጠ።

ደቡብ አፍሪካም ዋይልድ ኮስት የሚባለው የባህር ዳርቻ ሰው ሼልን፣ አዎ ማደያውን ሼል፣ ፍርድ ቤት ገትሮታል። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2022 የባህር ውስጥ ፍለጋ ፈቃዱ ህገወጥ ነው ያለበት አንዱ ትልቅ ምክንያት የአካባቢው ህዝብ በአግባቡ አልተማከረም የሚል ነው። ከባለስልጣንና ከባላባት ጋር ስብሰባ ማድረግ ህዝብን ማማከር አይደለም ተባለ። ይሄን ሳነብ ስንቱ አዳራሽ፣ ስንቱ ባነር፣ ስንቱ "ከአገር ሽማግሌዎች ጋር ውይይት ተካሄደ" ትዝ አለኝ መሰላችሁ።

የኛ ነገር ግን አንድ የሚከብድ ጥላ አለበት፣ ሳልናገረው ባልፍ ዋሸሁ። ሚያዝያ 1999 አቦሌ ላይ የነዳጅ ፍለጋ ካምፕ ተጠቅቶ 65 ኢትዮጵያውያንና 9 ቻይናውያን ሞቱ፣ ኦብነግ (የኦጋዴን ብሔራዊ ነፃ አውጪ ግንባር) ነው ያደረገው። ከዛ በኋላ የመጣውን የሶማሌ ክልል ሰው ያውቀዋል። እና ለአመታት እዛ አካባቢ "ጋዙን በሚመለከት ጥያቄ አለኝ" የሚል ሰው ከጠብመንጃ ጋር ነበር የሚደመረው፣ ስለ ኤላ ውሀ የሚጠይቅ እረኛ ሳይቀር። ኦብነግ በ2011 መጀመሪያ አስመራ ላይ ሰላም ተፈራርሞ ገባ፣ ዘመኑ ተቀይሯል። ልማዱ ግን ቶሎ አይለቅም፣ አዴርም ድምፃቸውን ቀንሰው የሚያወሩት ለዛ ይመስለኛል፣ ሻይ ቤቱ ውስጥ እኔና እሳቸው ብቻ ሆነን እንኳን። ስለዚ ነው እኔ ጥያቄው "ጋዝ ይውጣ አይውጣ" ሆኖ ሲቀርብ የማልወደው፣ እንደዛ ከሆነ ወዲያው ጎራ ይለያል፣ ሰው ይፈራል። "ውሀውን ለኩልን" የሚል ሰው ግን በምን ይወነጀላል?

ህጉም እኮ አለ። የህገ መንግስቱ አንቀጽ 44 ሁሉም ሰው ንፁህና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት አለው ይላል፣ አንቀጽ 92 ደሞ የሚነካው ፕሮጀክት ሲታቀድና ሲሰራ ህዝቡ ሙሉ በሙሉ ሀሳቡን የመግለፅ መብት አለው ይላል። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 የግምገማው ጥናት ለህዝብ ክፍት እንዲሆንና ህዝብ አስተያየት እንዲሰጥበት ያዛል። ስለዚ አዲስ ነገር ፍጠሩልን አይደለም። ጥናቱን አሳዩን፣ በሶማሊኛና በአማርኛ፣ ሰው በሚገባው ቋንቋ።

የቆዩት ጉድጓዶች ዙሪያ የ"በፊቱ" ነገር አልፏል፣ ከሃምሳ አመት በፊት የለካ ካለ መዝገቡን ያውጣ። አዳዲስ ለሚቆፈሩት ግን፣ ሁለተኛው ምዕራፍ በአመት 1.33 ቢሊየን ሊትር ነው እየተባለ ስለሆነ ገና ብዙ ይቆፈራል፣ ለነሱ ጊዜ አለ። ስራው ደሞ የሚያስፈራ አይደለም፣ ከጉድጓዱ ጥቂት ኪሎ ሜትር ዙሪያ ያለ ኤላ፣ ቢርካ (የዝናብ ውሀ ማጠራቀሚያ)፣ ጥልቅ ጉድጓድ ሁሉ ይመዘገባል፣ ጨዉ፣ ክሎራይዱ፣ ባሪየሙ፣ የተሟሟ ሚቴኑ ይለካል፣ አንድ ጊዜ በጅላል ድርቁ ላይ አንድ ጊዜ ከጉ ዝናብ በኋላ፣ ምክንያቱም ያው ጉድጓድ በሁለቱ ወቅት አንድ አይነት ቁጥር አይሰጥም፣ በአንዱ ብቻ ከተለካ ኩባንያው በኋላ "የወቅት ለውጥ ነው" ይላል። ጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲ አለ፣ ሐሮማያ ዩኒቨርሲቲ አለ፣ እዚሁ ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ አለ፣ የተመራቂ ተማሪ ጥናት ርዕስ ፍለጋ ሲንከራተት የማየው ልጅ ሁሉ አለ።

ይሄን ሁሉ ለአዴር ሳወራላቸው አቋረጡኝና "ወረቀቱ ማን ጋ ነው የሚቀመጠው?" አሉኝ። ወረዳ ላይ ስላቸው ሳቁ። እሳቸው የሚሉት ናሙናው ሲቀዳ የኤላው ባለቤት የሆነው ጎሳ ሽማግሌ እዛው ይቁም፣ ጠርሙሱ ላይ ምልክት ያድርግ፣ ውጤቱ ሲመጣ አንዱ ኮፒ ለሱ ይሰጥ፣ ማንበብ ባይችል ልጁ ያነብለታል። እኔ ደሞ ፎቶ ተነስቶ ስልክ ላይም ይቀመጥ ብዬ ጨመርኩ። ጅግጅጋ ወይም ሐሮማያ ላብራቶሪ የምትሰሩ ልጆች፣ የተሟሟ ሚቴን የሚለካ መሳሪያ እናንተ ጋ አለ ወይስ ናሙናው አዲስ አበባ መሄድ አለበት? ሚቴን ከጠርሙሱ ቶሎ ስለሚያመልጥ መንገዱ ላይ እንዴት እንደሚያዝም የምታውቁ ካላችሁ ፃፉልኝ፣ አዴር በሚቀጥለው ወር ወደ ሽላቦ ሊወርዱ ነው።